የአዲሱ ማይክ ጭብጨባ

"የሚሠራ ዕቃ ምን በወጣው ይቀየራል!" እያለች ስንት ጊዜ ተሟገተች። መጻሕፍት በድምፅ የምትተርክ ናት፤ ልጆቿን ያሳደገችው በአሮጌው ማይክ ነው። ቅጂዋን የሚያርመው ታናሽ ወንድሟ ግን "እታለም፣ ደንቁሯል እኮ፤ ግማሹን አይሰማም" እያለ ነዘነዛት። ቢመራት አዲስ ገዛች።

በመጀመሪያው ቅጂ ማግስት ደወለላት።

"ምነው በየገጹ ታጨበጭቢያለሽ?"

ስትሳሳት አንዴ አጨብጭባ ዓረፍተ ነገሩን ትደግመዋለች፤ እሱ በጭብጨባው ስህተቱን አግኝቶ ይቆርጣል። የሥራ ልማዳቸው ነው። ትናንት ግን ጭራሽ አላጨበጨበችም።

"አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም!"

"እኔስ ምን አልኩ? ንባብሽ ልክ ነው። ታዲያ ምን ያስጨበጭብሻል?"

"ያስገዛኸኝን ማይክ ጠይቀው!" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ብልሽቱን ቀድታ ማይኩን ለሻጩ ልትወረውርለት፣ ደሟ እንደፈላ ከቁም ሣጥን ወደማትሰፋው መቅጃ ክፍሏ ገባች። በሩን ቆለፈች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ መጽሐፉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አንባቢውን «አንተ» የሚለውን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጋ አነበበች።

ከጀርባዋ ጧ አለ።

ዞረች። ብርድ ልብስ የተለጠፈበት ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሱና በወንበሯ መካከል ክንድ እንኳ አያሳልፍም።

"ማነህ አንተ!" ስትል አንባረቀች።

ጧ።

መጽሐፉ ከእጇ አልወረደም። ሲጨበጨብ እንደለመደችው፣ ድምጿን አስተካክላ ጥያቄዋን ደገመችው።

"ማን ነዎት?"

በዚህኛው አልተጨበጨበም።