ወተቱን የበጠበጥኩበት ውሃ

የልጄ ልጅ ያለ ቀኗ ስትወለድ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነበረች። ልጄ ወተት አልወርድላት ስላለ፣ ሆስፒታሉ ሌሎች እናቶች የለገሱትን፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የሆነ የጡት ወተት ሰጠን። ሲስተር "አፍልተን ባቀዘቀዝነው በዚህ ውሃ ብቻ በጥብጡት" ብላ ፔርሙዝ አስቀመጠችልን። እኔ ግን ልጄ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠብቄ፣ በሃይላንድ ባመጣሁት የማርያም ጠበል በጠበጥኩና ለሕፃኗ በአፍንጫዋ ቱቦ ሰጠኋት።

ትንሽ ቆይቶ ሲስተር ጎናችን ያለችውን እናት ስትቆጣ ሰማሁ።

"ያልፈላ ውሃ ከገባበት እኮ ልጁ እስከ ማታም አይቆይልሽም። አንጀቱ ገና ነው።"

ሕፃኗን ሳያት ከንፈሯ የጠቆረ መሰለኝ። "እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን ተያት" እያልኩ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ ልጄን ቀሰቀስኳት።

"ጠበል አጠጣኋት" አልኳት።

"የቱን?"

"ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን።"

የተሰፋ ሆዷን በእጇ ደግፋ ሳቀች።

"እማዬ ደግሞ፣ አላውቅሽም እንዴ? እሱን ትናንት ገልብጬ ከፔርሙዙ ውሃ ሞላሁበት።"

"ጠበሉን ደፋሽው?"

"ምን በወጣኝ። ጠጣሁት።"

ልትነሳ ስትል ጋቢው ከትከሻዋ ተንሸራተተ። የቀሚሷ ደረት በሁለቱ ጡቶቿ ልክ ርሷል።