ሦስተኛው ትራስ

በደብረ ብርሃን ሳምባው የታመመ ሰው ሁሉ በየማለዳው የደሙን ጠብታ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለችው መሣሪያ መስጠት ግዴታው ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። መሣሪያዋ የሳምባው ሕመም በልብ ላይ ያመጣውን ድካም ከደም ታነባለች። አረንጓዴ ከበራች ሰውየው ቤቱ ይውላል፤ ቀይ ከበራች ግን አየሩ ወደሚወፍርበት ቆላ የሚወስደው መኪና ይመጣል። ቤተሰብ አይከተልም። ከሰፈሩ የሄዱትም አልተመለሱም።

የአስካለ ባል ድንበሩ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶት ሦስተኛ ትራስ የጠየቀ ለት እሷ የራሷን ትራስ አንስታ ሰጠችው። ካልሲውን ስታወልቅለት የላስቲኩ ምልክት ያበጠ እግሩ ላይ ሊጥ እንደተጫነ ጎድጉዶ ቀረ።

«ሳምባዬ ነው። የሲሚንቶው አቧራ ነው» አላት እያለከለከ።

«አውቃለሁ» አለችው። በማግስቱ በእሱ ፈንታ የራሷን ጣት ወጋች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና ሌብነት ጀመርሽ?»

«ዝም በል! የሰጠሁት የራሴን ነው።»

ከዚያ ወዲህ መሣሪያዋ በእሱ ስም አረንጓዴ ስታበራ ከረመች።

ዛሬ ማለዳ አስካለ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ባልዲውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ማረፍ አስፈለጋት። «ብርዱ ነው» አለች ለራሷ። ገብታ ጣቷን ወጋች፤ ጠብታውን አስነካች።

ቀይ በራ።

መኪናው በራፉ ላይ ሲቆም፣ አስካለ ተንበርክካ ካልሲውን ታጠልቅለት ነበር። ድንበሩ መብራቱን አላየም፤ የሚያየው የእሷን ማለክለክ ነበር።

«አስኩ» አላት በቀስታ፣ «ትራሶቹን አታሲዢኝ። ላንቺ ያስፈልጉሻል።»