የውሻው ወረቀት

ጋሽ ዮፍታሄ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። መቱ ከተማ ውስጥ ጀርመንኛ ያነባሉ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ። የውሻው ባለቤት ኪቲላ አጠገባቸው ቆሞ ጠበቀ። ውሻውን ከነወረቀቱ የሰጠው ወደ አገሩ የተመለሰ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ኪቲላም ማኅተሙን እያየ የክትባት ካርድ ነው ብሎ ሁለት ዓመት ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ግን ውሻው የጎረቤቱን የሻሽቱን ልጅ ባቷ ላይ ነከሳት። ሻሽቱ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባቱ፣ እናቱ፣ አያቶቹ... ጉድ እኮ ነው! የእኔ ቅድመ አያቶች እንኳ እንዲህ አልተጻፉም» አሉ ጋሽ ዮፍታሄ።

«ማኅተሙስ ጋሼ?» አለች ሻሽቱ።

«ማኅተሙማ ትክክለኛ ነው።»

«ተመስገን! ተከትቧላ! እንግዲያው የእብድ ውሻ መርፌው ይቅርባት» ብላ ወደ ግቢው በር አመራች።

ኪቲላ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። «ስለ ክትባትስ ምን ይላል?»

«ምንም። ዘሩን ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

ኪቲላ ዝም ቢል ከጋሽ ዮፍታሄ በቀር ማንም አያውቅበትም። ከተናገረ ግን ቀበሌው ውሻው ይገደል ማለቱ አይቀርም። ሻሽቱ መንገዱን ልትሻገር ስትል ኪቲላ ሮጦ ደረሰባት።

«ሻሽቱ፣ ማሎ፣ እባክሽ ቁሚ! አልተከተበም! ልጅቷን ስጪኝ፣ ሆስፒታል እንሂድ!»

ሻሽቱ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችው። ልጅቷ አንገቱን አጥብቃ ስታቅፈው ኪቲላ መንገዱ ዳር ወደቆመው ባጃጅ ሮጠ።