የፀጉር አስተካካዩ ማዞር

ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት ከአልጋው በተነሣ ቁጥር ቤቱ እንደ እንዝርት መሾር ከጀመረበት ሳምንት ሆነው። ነርሷ እህቱ፣ «እየዘለልክ አትነሣ! ግፊትህ ወርዶ፣ ወይ ጆሮህን አሞህ፣ ወይ ውሃ አንሶህ ይሆናል። መጀመሪያ ቁጭ በልና ውሃ ጠጣ» አለችው።

ዛሬ እንደታዘዘው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃውን ተጎነጨ። ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ያዘው። ጣቱን ከቶ ሲዳብስ ፀጉር ነው። ሃያ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሲላጭ የስንቱን ብናኝ ውጧል! ይህ ግን ብናኝ አልነበረም። ሲስበው ይመጣል፣ ሲስበው ይመጣል፤ እያሙለጨለጨ፣ የተዘጋ ቱቦ እየሸተተ ጉልበቱ ድረስ ተንዘላዘለ። ጫፉ ደግሞ ተጎንጉኗል።

ሚስቱ ከትራሷ ቀና ብላ አየችና አፍንጫዋን ያዘች። «ኤጭ! የየትኛዋ ነው ደግሞ?»

አፉ ስለተያዘ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እሱ የወንድ እንጂ የሴት ፀጉር ነክቶ አያውቅም።

«ና እስቲ» ብላ በፎጣ ይዛ ሳብ አደረገችው። ቤቱ ዞረ። ስትተወው ቆመ። ደግማ ሳበችው፤ ዞረ።

«አገኘነው! የሚያዞርህ ይሄ ነው። የቀረውን እህትህ ትምጣና ታውጣው፤ እኔ አልነካውም» አለችና ፎጣውን ወርውራ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

ማንም አልነካውም። ቤቱ ግን እንደገና መዞር ጀመረ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ የተጎነጎነው ጫፍ ከጉልበቱ ተነሥቶ፣ ሆዱን አልፎ፣ በደረቱ ላይ ቀስ እያለ ወደ አፉ እየተመለሰ ነበር።