የኦብሴ ሴራ

መምህር ወልደአማኑኤል ሙሉሃብት ጎባ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ከትምህርቶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው በዌልስና በእንግሊዝ መካከል ስለነበሩት የጥንት የድንበር ጌቶች የሚያወራውን ነበር። ንጉሡ ሩቅ ነው፤ የዌልስ መሳፍንትም ሩቅ ናቸው፤ ድንበር ላይ ያለ ሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር ውሎ ማደር ስላለበት የራሱን ሕግ ያበጃል ይላቸው ነበር።

ዋና ዋናዎቹን ቃላት ሰሌዳ ላይ በሦስት መስመር ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ፣ ከገሰራ ገጠር ለመጡት ደግሞ በኦሮምኛ። ኦሮምኛን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ሲያነበው ተማሪዎቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ድንበርን የወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቱና ኦብሴ የሚባል ሰው ገሰራ በኩል አንድ ወንዝ ይዘው ፊት ለፊት የተቀመጡ ጭቃ ሹሞች ነበሩ። አያቶቻቸው በዚያ ወንዝ ሰበብ ከብት ተነዳድተዋል፣ ደም ተፋስሰዋል፣ በስተኋላም ታርቀዋል ይባላል። እናቱ በወሊድ ስለሞተች ወልደአማኑኤል ያደገው ጎባ፣ አክስቱ ዘንድ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የአባቱ ከብት በአንድ ክረምት አለቀ። ወዲያው አባቱ ራሱ ታመመ። ኦብሴ ወንዙን አሻግሮ ከገዛ ቤቱ አስተኛው። አባቱም ከዚያ ቤት በእግሩ አልወጣም።

ሊሞት ሲል ልጁን አስመጡለት። አባት የልጁን ጆሮ ሳብ አድርጎ፣ «የኦብሴን ሴራ እንዳትረሳ» አለው። ኦብሴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ለልጁ ይህ በቂ ነበር። ከቀብሩ በኋላ የአባቱን ማሳ የሚያርሱት የኦብሴ በሬዎች መሆናቸውን ሲሰማ ደግሞ የሚጣራ ነገር አልቀረም። ለማንም ሳይናገር ቃሏን ሆዱ ውስጥ አስቀመጣት።

በየዓመቱ አዲስ ገብስ ሲወቃ ከኦብሴ ቤት አንድ ጆንያ ይመጣል፤ ድሮ በአህያ፣ በኋላ በአይሱዙ። ኦብሴ ሲሞት ልጁ ጅሩ ማምጣቱን ቀጠለ። ጅሩ «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ጆንያውን አጥሩ ሥር ያወርዳል፣ «ያንተ ነው» ይላል፣ እስከ ቀትር ይቀመጣል። ከዚያ መልሶ ይጭነዋል። ወልደአማኑኤል በሩን አይከፍትም።

ለባለርስት እህል መስፈር በአዋጅ ሲቀር እንኳ ጆንያው አልቀረም። የበላው ሆዱን እየቆረጠው ነው አለ ወልደአማኑኤል። የሚቆርጥ ሆድ አዋጅ አይሰማም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጣለ። ጅሩ ጋቢውን አውልቆ ጆንያውን አለበሰው፤ ራሱ እየራሰ ቆመ። የወልደአማኑኤል ሚስት ማናልበሽ አላስችላት ብሎ በሩን ልትከፍት ተነሳች። ቁጭ በይ አላት። ማናልበሽ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያን ቀን ያየችው አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋም።

ዘንድሮ ገብሱ ሳይወቃ የጅሩ ልጅ ጤቤ ባዶ እጇን መጣች። ጤቤ የወልደአማኑኤል ተማሪ ነበረች፤ የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ደብተሯ የማይበላሽ። አሁን የልጆች እናት ናት። እንባዋን እየዋጠች፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ አባቷ በጠና መታመሙን ነገረችው።

«ሴራው አንገቴ ላይ እያለ እንዴት እሞታለሁ፤ አንድ ጊዜ መጥቶ ያውርድልኝ ይላል» አለች።

ወልደአማኑኤል ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስድሳ ሁለት ዓመት የጠበቀው የኑዛዜ ቃል ይኸው መጣ።

«ተሸክሞት ይሂድ» አላት።

ልጁ ፌበን ያን ሳምንት ሙሉ ለመነችው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለችው። አያትሽን እነማን እንዳጠፉት አታውቂም ብሎ አፏን አስያዛት። ጅሩ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ፌበን ለብቻዋ ቀብር ሄደች። ወልደአማኑኤል ያ ቀን ሲመጣ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስ አላለውም። ቤቱ ሰፍቶበት ዋለ።

ገብሱ በተወቃ በሳምንቱ አጥሩ ሥር ጆንያ ወረደ። ወልደአማኑኤል በመስኮት አየ። ጤቤ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ጆንያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጆንያው ደጅ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከፍቶ ወጣ።

እስከ መቼ ነው ብሎ ጠየቃት። አባቷ ከሞተ በኋላ ይህ ነገር ለምን እንደማያልቅ ሊገባው አልቻለም።

«የአባትዎን ማሳ የሚያርስ ድርሻዎን ያደርሳል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አለች ጤቤ።

«አባትሽ ሴራውን በገዛ አፉ አምኗል» አለ። «የኔም አባት ሲሞት የኦብሴን ሴራ እንዳትረሳ ብሎኛል። አልረሳሁም። አንድም ቀን አልረሳሁም።»

ጤቤ ከድንጋዩ ተነሳች።

«ካልረሱት ታዲያ አባቴን ለምን መለሱት?»

ጤቤ ፊቱን ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ ድሮ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደምትጠይቀው ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ‹የድንበር ሕግ› ብለው ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ከሥሩ በኦሮምኛ ‹ሴራ ዳንጋ› ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»