ያበላት፣ ያስተማራት

ፀጉር ሠሪዋ በጥርሷ የያዘችውን ማበጠሪያ አውጥታ የዐቃቤ ሕጓን ፀጉር ከአናቷ መሐል ለሁለት ትከፍለዋለች። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረችው ደንበኛ ሄዳ ሙቀቱና የሻምፖው ሽታ ብቻ ቀርተዋል። መጋረጃው በነፋሱ ሞላ ጎደል ባለ ቁጥር ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይዋልላል፤ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። ከጓዳ የቧንቧ ድምፅ ይሰማል። የፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህት ፎጣ እያጠበች ነው።

ዐቃቤ ሕጓ ዓይኖቿን ጨፍናለች። «ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። ዕድሜዬን ሙሉ ከወንጀለኛ ጋር ስሟገት እንዳንቺ ማበጠሪያ ያስፈራኝ የለም።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ ስንት ሌሊት ያብሰለሰለችውን ጥያቄ እንደ ዋዛ ጣል ታደርገዋለች። ስለ አንዲት ጎረቤቷ ነው። የጎረቤቷ ባል አብራቸው የምትኖረውን የሚስቱን እህት፣ ሚስቱ በሌለችበት፣ ልጅቷ እምቢ እያለችው... ቃል ያጥራታል። የመጡላት ሁሉ ወይ ያንሳሉ፣ ወይ አፍ ሞልተው አይናገሯቸውም።

«በጉልበት» ትላለች በመጨረሻ።

ዐቃቤ ሕጓ ዓይኗን ሳትገልጥ ትመልስላታለች። ክሱ አስገድዶ መድፈር ይባላል፤ ቅጣቱ ረጅም እስር ነው፤ ቤተሰብ ታረቀ ተብሎ አይቀርም። ልጅቷ ቁስል ባይታይባትም፣ ባትጮህም፣ ወራት ቢያልፉም መክሰስ ትችላለች። ድምጿ ከሌላ ክፍል እንደሚሰማ ሬዲዮ ለስለስ ያለ ነው።

የፀጉር ሠሪዋ ጣቶች ራሳቸው መንገዱን ያውቁታል፤ አንዱን ዘለላ በሌላው ላይ እያስተኙ ይወርዳሉ። ለእህቷ ግን ሌላ ነገር ነበር የነገረቻት። ብትከሺው እንኳ ያበላሽ፣ ያስተማረሽ ሰው መሆኑን አይተው በትንሽ ይለቁታል፣ እኛ ግን ተዋርደን እንቀራለን ብላታለች። አምናበት ነው። ወይም ማመን ፈልጋ።

«መቼም እትዬ፣ እንደ ልጁ ነው ያሳደጋት። የትምህርት ቤቷን የከፈለው እሱ ነው። ይሄ ያቀልለታል አይደል?»

«ያከብድበታል።»

ጣቶቿ ይቆማሉ።

«መጠጊያዋ እሱ ከሆነ የት ትሄዳለች? ማብላቱን አይቆጥሩለትም፤ ይቆጥሩበታል እንጂ።»

ቧንቧው ከተዘጋ ቆይቷል። ታናሿ እጇ እስከ ክርኗ እንደረጠበ፣ ፎጣ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። መስታወቱ ውስጥ እህቷን ትፈልጋታለች።

«እታለም፣ አንቺ ግን ያቀልለታል ብለሽኝ ነበር።»

ቁጣ የለባትም። ያየችውን ሕልም የምትናገር ነው የምትመስለው።

ዐቃቤ ሕጓ ዓይኖቿን ትገልጣለች። መስታወቱ ውስጥ የሁለቱን ፊት ታያለች፤ አንድ ዓይነት አፍንጫ፣ አንድ ዓይነት ግንባር።

ይቺ ልጅ ስትቀባጥር ነው፣ አይስሟት ማለት ይቻላል። ቃሉ የፀጉር ሠሪዋ ምላስ ላይ ደርሷል። ባሏ ማታ ሲመጣ፣ ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ፣ «የት አላችሁ?» ሲል ይሰማታል። «አላችሁ» ነው የሚለው ሁልጊዜ፤ ሁለቱንም ነው የሚጣራው።

«የጎረቤቴ እህት አይደለችም፣ እትዬ» ትላለች። «የኔ እህት ናት።»

ዐቃቤ ሕጓ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ልጅቷ ታዞረዋለች። ያልተጎነጎነው ግማሽ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይፈስሳል። አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእጇ ሳብ አድርጋ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ የምትፈልጊውን ያህል ብቻ ንገሪኝ ትላታለች።

ታናሿ ፎጣውን እንደታቀፈች ትቀመጣለች። ፀጉር ሠሪዋም ከወንበሩ ጋር አብራ ዞራለች፤ ገና ያላሰረችውን የጉንጉን ጫፍ በሁለት ጣቷ ጨብጣለች፣ እሱ እንዳይፈታ፣ ወይም እሷ እንዳትወድቅ።