የስፌት መኪና ጠጋኙ አደራ

«ልጄ፣ ይቺ ስልክ ተበላሽታለች መሰለኝ... አባትህ ዛሬም አልተናገረም።»

ልጁ ስልኩን ከእናቱ እጅ ተቀበለ።

አባቱ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው...

በሕይወት ሳሉ አንዲት ድረ ገጽ ነበረቻቸው። ክር ለሚበጥስ፣ ስፌት ለሚዘል፣ ፔዳሉ ለሚከብድ መኪና ሁሉ መላውን በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ያስቀመጡባት።

እናትየው ስፌት የሚባል አይችሉም። ግን ጠዋት ጠዋት አንዱን ትምህርት ከፍተው እየሰሙ አልጋቸውን ያነጥፋሉ... የባላቸው ድምፅ ነዋ።

ልጁ ገጹን ሲከፍት ባዶ ነው። ክው ብሎ ቀረ።

የድረ ገጽ ስም፣ ዶሜይን የሚሉት፣ በየጊዜው ይታደሳል። ካልታደሰ ማንም ሊወስደው ይችላል። የአባቱ ጊዜው አልፎ... ሌላ ሰው ወስዶታል።

ይባስ ብሎ «አድሱ» የሚለው ማስታወሻ የሚመጣበት ኢሜይል የተከፈተው በዚያው ስም ነው። የይለፍ ቃል ሲጠፋም አዲሱ የሚላከው እዚያው ነው። ስሙ ሲሄድ ኢሜይሉም አብሮ ሄደ... ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ማለት ነው።

ይህን ያዘጋጀው ማን መሰላችሁ? ራሱ ልጅየው። መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው የሚያማክረው የኮምፒውተር ባለሙያ...

ለእናቱ ግን እውነቱን አልነገራቸውም። ስልኩ ነው፣ አሠራዋለሁ ብሎ ወጣ።

የድረ ገጽ ስሞችን በሚመዘግበው ድርጅት በኩል ስሙን ለያዘው ሰው ስልክ ቁጥሩን ጨምሮ መልእክት ላከ። አንድ ቀን... ሁለት ቀን... መልስ የለም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ስልኩ ጠራ።

ደዋይዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ልብስ ሰፊ ነኝ አሉት። ዋጋ ይጠሩብኛል ብሎ ሲጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«አባትህ እያንዳንዱን ትምህርት ሲጀምሩ ምን ይሉ ነበር?»

ገጹን የሠራው ልጁ ነው... አንዱንም ትምህርት ግን ከፍቶ ሰምቶ አያውቅም።

ስልኩን ሳይዘጋ እንደያዘ እናቱ ዘንድ ገባ። ስልካቸው እንዳልተበላሸ፣ ስሙን ማሳደስ የነበረበት እሱ እንደሆነ... ሁሉንም ዘከዘከላቸው።

እናትየው አልተቆጡም። ስልኩን ተቀበሉት።

«'መጀመሪያ መርፌዋን አውጡ። መኪናዋ ብትቆይ ትቆያለች፣ ጣታችሁን ግን አደራ' ይል ነበር» አሉ።

ከወዲያ በኩል ልብስ ሰፊዋ ማልቀስ ጀመሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው...

ሴትዮዋ አባትየውን በአካል አይተዋቸው አያውቁም። መኪናቸው ባስቸገረቻቸው ቁጥር ጥያቄ ይልካሉ፣ መልሱ በድምፅ ይመጣላቸዋል። እንዲህ ሆነው ዓመታት ተግባብተዋል።

የአባትየውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ለእናትና ልጅ ከፈቱላቸው።

«እህቴ፣ ስለ ገጹ ለልጄ ላወራለት ስሞክር 'አባዬ ደግሞ፣ ስለ ሞት አታውራ' ይለኛል። ስለሚወደኝ ነው። ምናልባት ቢዘነጋው ቀኑን ጠብቀሽ ስሙን አንቺ ያዢልኝ። ሊወስደው ሲመጣ ትምህርቴን በምን እንደምጀምር ጠይቂው። ካላወቀ እናቱን ይጠይቃል... በዚያው ቁጭ ብለው ያወራሉ።»

ልጁ እናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሳምንቱ ስሙ ወደ እሱ ዞረ፣ ኢሜይሉ ሠራ፣ ገጹም ተመለሰ። አሁን ስሙ የት እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚታደስና ከእሱ በኋላ ማን እንደሚረከበው በወረቀት ጽፎ ለእናቱም ለሴትዮዋም ሰጥቷል። ጠዋት ጠዋት ትምህርቱን የሚሰሙት ደግሞ እናትና ልጅ አብረው ነው።

ወዳጆቼ... ወላጅ ስለ ሞቱ ሲያወራ ቶሎ ብለን ዝም አናሰኘው። ማሟረቱ አይደለም። አደራ የሚሰጠው ሰው እየፈለገ ነው። እኛ ካልሰማነው ለማያውቀው ሰው ይነግራል።

እስቲ እናንተስ... ድረ ገጻችሁ፣ ፎቷችሁ፣ የምትወዱት ሰው ድምፅ የት እንዳለ ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ ማን ነው? እናት? እህት? ጓደኛ? ወይስ ማንም የለም?

ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የይለፍ ቃላችሁን ግን እንዳትጽፉ... አውቃችኋለሁ።